ዝናብ የሌለበት መጽሐፍ

«ታዲያ የማን ነው?» አለ መቶ አለቃው፣ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ መምህር ፈቀደ እየገፋ።

ፈቀደ ጉሮሮውን ጠረገ። ከትምህርት ቤት መልስ እያመሸ ይህን ልቦለድ የፋብሪካው ጸሐፊ አምባው ከጻፋቸው የሥራ ደብዳቤዎች ጋር ሲያስተያይ ነበር የሰነበተው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የአምባው ነው፤ ታሪኩ ግን የማሽን ቀበቶ ጎትቶ ስለገደላት አንዲት ፈታይ ነው። የአቃቂ ፈታዮችና ሸማኔዎች በምሳ ሰዓት ተሰብስበው ሲያነቡት ከረሙና አንድ ቀን ማሽኑን አቁመው ወጡ። አምባው በማግስቱ ታሰረ። «እኔ አልጻፍኩትም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

«የአምባው አይደለም» አለ ፈቀደ። «አምባው ለሁለት መስመር ጉዳይ እንኳ ‹ከላይ እንደተጠቀሰው› ሳይል አያልፍም። ይኼኛው ሰው ቁጥብ ነው። ሲያዝን ይተርታል፣ ሲናደድ ዝም ይላል።»

«ይህ ለፍርድ ቤት አይበቃም።»

እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ኖሮ ምን ነበረበት! ግን ያገኘው ነገር አኩርቶታል፤ ኩራት ደግሞ ምላስ ያፈታል። «አንድ ነገር አለ» አለ። «በታሪኩ ውስጥ ሦስት ክረምት ያልፋል፤ ወንዙ ሞልቶ ሰው ይወስዳል። ‹ዝናብ› የሚለው ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር የለም። ‹የሰማይ ውሃ› ነው የሚለው። ያንን ቃል የሚሸሽ ሰው ካገኙ ደራሲውን አገኙ።»

መቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ማጻፍ ነዋ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ስላለፈው ክረምት አንድ ገጽ ይጽፋል። ከአምባው ቤት እንጀምር፤ ሚስቱ የማታ ትምህርት ተምራለች አሉ። እርስዎው አጽፈው ያምጡልኝ። ሌላ ሰው ካልተገኘ ስሙ ያለበት ይፈረድበታል።»

የማታ ትምህርቱን ያስተማራት ራሱ ፈቀደ ነበር። የፋብሪካ አቧራ ፀጉሯ ላይ እንዳለ እየመጣች ከሁሉም በፊት ማንበብ የቻለችው ዲንቄ ነበረች።

ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለው ቤታቸው ሲደርስ ዶፉ ወርዶበት ነበር። ዲንቄ በሩን ከፈተች።

«ውይ ጋሼ! ይግቡ፣ የሰማይ ውሃው መታዎት።»

ፈቀደ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ከውስጥ መደቡ ላይ፣ ምርኩዛቸውን ታቅፈው፣ የአምባው አባት አቶ ዝናቡ ተቀምጠዋል። በዲንቄ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሽፋኑም ላይ «አምባው ዝናቡ» የሚል ተጽፏል። ያንን ሁሉ ቀን አፍንጫው ሥር ይዞት ሲዞር አላየውም፤ የተማረ ጅል!

«ዲንቄ፣ አጠፋሁሽ» አለ፤ ለመቶ አለቃው ያለውንም፣ የታዘዘውንም ሳይደብቅ ነገራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሚመልሰው አልነበረም።

ዲንቄ አላለቀሰችም። «አሳታሚው ‹የፋብሪካ ሴት የጻፈችውን ማን ይገዛል› ስላለ ነው በሱ ስም የወጣው» አለች። «ሲደበድቡትም ስሜን አላወጣም። ትናንት ስንቅ ላደርስ ሄጄ የሚታጠብ ልብሱን ሰጡኝ። ሸሚዙ ከጀርባው ደርቆ እንደ ሰሌን ሆኗል።»

«‹ዝናብ› ብለሽ ጻፊ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ካንቺ ይርቃሉ።»

«ወደሱ ይቀርባሉ።»

መደቡ ላይ ምርኩዙ ተንቀሳቀሰ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ስሜን ጻፊው። ነውሩ በኔ ይሁን።»

«አባባ፣ እዚያ ያለው እኮ ልጅዎ ነው።»

«አውቃለሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አንቺስ የማን ነሽ?»

ዲንቄ ነጠላዋን አጣፍታ የልብስ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች፤ ፈቀደ ያመጣውን ወረቀት ክዳኑ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ፈቀደ ብዕሩን በዓይኑ ተከተለ። ብዕሩ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ቆየ። ጻፊው፣ ጻፊው እያለ በልቡ ለመናት። ብዕሩ እንደገና ተንቀሳቀሰና ገጹ እስኪያልቅ አላረፈም።

ወረቀቱን ስትሰጠው እዚያው ቆሞ አነበበው። «ባለፈው ክረምት» ይላል፣ «የሰማይ ውሃ ሳያባራ ሰነበተ።» ከግርጌው ማንም ሳያዛት ስሟን ጽፋለች፤ መጽሐፉ ላይ ያልወጣውን ስም፣ በትልልቁ።

«ዲንቄ፣ ይኼን ይዤ አልሄድም።»

«ይሄዳሉ ጋሼ። እርስዎ ቢቀሩ እኔው ይዤው እሄዳለሁ።»

አቶ ዝናቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። እሷ በሩን ከፈተችና ሰማዩን አየች፤ ከዚያ የፈቀደን ኮት ቁልፍ ፈትታ ወረቀቱን ደረቱ ሥር አስገባችው፤ መልሳም ቆለፈችለት።

«እንዳይረጥብብኝ» አለች።