የአያቴ ጠመንጃ መቀባበያ

አያቴ ሲሞት ጠመንጃውን ለአባቴ፣ ጥይት የሚያጎርሰውን መቀባበያ ደግሞ ለአጎቴ አወረሰ። ካልተስማሙ አይተኮስም ማለቱ ነበር። ሁለቱ በአንድ የአጥር ድንበር ተጣልተው "ደምህን ካልጠጣሁ" ተባብለዋላ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አንድ ቤት ለመገናኘታቸው ጥፋቱ የኔ ነው። አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚሰበስብ ሰውዬ ፈልጌ፣ ዋጋውን እንዲገምት ቤት ጠራሁ። ጠመንጃውን አባቴ ፊት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በአጉሊ መነጽር ሲያየው፣ ዝገቱን በጨርቅ ላብስለት ስል እጄን ቸብ አደረገኝ።

"እንዳትነካው! ዋጋው እኮ ይሄ ነው። የተወለወለ ጠመንጃ የተላጨ አንበሳ ማለት ነው።"

ከዚያ ቁጥሩን አነበበ፤ ብረቱም ሰደፉም ላይ አንድ ነው።

"መቀባበያውም ይህንኑ ቁጥር ከያዘ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ከሌለ ግን ምርኩዝ በሉት።"

ብረቶቹ ሲገጥሙ ወንድማማቾቹም የሚገጥሙ መስሎኝ፣ አባቴን ሳላስፈቅድ ለአጎቴ ደወልኩ። "እሺ" ብቻ አለኝ። ያቺ እሺታ አላማረችኝም።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሰላም ሳይል ገባ። መቀባበያውን ከጨርቅ ፈትቶ፣ ጠመንጃውን ራሱ አንስቶ ቀጭ አድርጎ አስገባው። አፈሙዙ ወደ አባቴ ነው። አባቴ ከወንበሩ አልተነቃነቀም፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። የአጎቴ ሌላኛው እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። ጥይት ይዞ ቢሆንስ? መሀላቸው መግባት ሲገባኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ሰብሳቢው ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል።

"ታሪኩ ከተጻፈ ዋጋው ይጨምራል። ለመሆኑ ጠመንጃው ከመቀባበያው ለምን ተለያየ?"

አጎቴ አፈሙዙን አላዞረም።

"ጌቶቼ?"

"እንዳንገዳደል" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከአፈሙዙ ሳይነቅል። "አባታችን ፈርቶን።"

የሰብሳቢው ብዕር ቆመ። የአጎቴ እጅ ከኪሱ ወጣ፤ ባዶውን። አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አዙሮ መቀባበያውን መዘዘው።

"ያ ሽማግሌ" አለ ድምፁ ሻክሮ፣ "እኔንም ፈርቶኝ ኖሯል?"

"አንተንማ ከኔ አብልጦ!"

አጎቴን ሳቅ አመለጠው። ከስድስት ዓመት በኋላ ወንበራችን ላይ ተቀመጠና መቀባበያውን ኪሱ ከተተው።

"ጌታው፣ የዛሬ ሳምንት ተመለስ" አለው ሰብሳቢውን። "እስከዚያ ብረቶቹ በየቤታቸው ይደሩ።"

"መቀባበያውን እሑድ ይዘኸው ና" አለው አባቴ ወንድሙን። "አብረን እንወለውለዋለን።"

"ኧረ እንዳትወለውሉት!" ብሎ ጮኸ ሰብሳቢው።