ንፋስ የተከለከለው ፍሪጅ

እኔ ዱባለ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ቡታጅራ ገበያ ዳር ባለች አንዲት ክፍሌ ውስጥ የከተማው ራዲዮ ሁሉ ቢያንስ አንዴ ሆዱን ከፍቶልኛል። ፍሪጅ ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቴ ነው። ይህ ጠባዬ ስንቴ እንዳዋረደኝ ባለቤቴን ብትጠይቋት ቁጭ ብላ ትዘረዝርላችኋለች።

በ1964 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ለአረፋ በዓል አራት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ዘይባ ሱቄ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ግራና ቀኝ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፍሪጃቸው ላይኛው ክፍል በረዶ ብቻ እንደሆነ፣ ታችኛው ግን ወተቱን እንዳኮመጠጠው ነገሩኝ።

«ለማንም እንዳትናገር» አሉ። «ሸረፋ ከሰማ አለቀልኝ።»

ነገሩ ገብቶኛል። እትዬ ዘይባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ሸረፋ መርካቶ ሱቅ አለው፤ አዲስ አበባ ልውሰድሽ እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨቅጭቋቸዋል። እሳቸው ጓሯቸውን፣ እንሰታቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ትተው የትም መሄድ አይፈልጉም። መስከረም ላይ ልጁ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ በጭነት መኪና ላከና ቁርጡን ነገራቸው። በዚህ ዕቃ ኑሮ ከቀለለላቸው ይቀመጣሉ፤ ካልሆነላቸው ግን ለአረፋ ሲመጣ ይዟቸው ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ፍሪጁን እንደ አራስ ነው የሚንከባከቡት።

ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። ላይኛውን በር ብከፍተው ዝም ያለ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም። እዚያ ውስጥ ማራገቢያ እንዳለ አንድ አዲስ አበባ የሚሠራ ወዳጄ ነግሮኝ ስለነበር፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ማራገቢያው ተቃጥሏል፤ ከአዲስ አበባ ሌላ ማስመጣት ነው» አልኩ። የማያውቅ ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚረጋጋ ይገርመኛል።

እትዬ ዘይባ ግን አልተዋጠላቸውም። ይህ ዕቃ ደህና በነበረበት ጊዜም በሩ ሲከፈት ዝም ይል እንደነበር፣ ሲዘጋ ደግሞ ከውስጥ እንደሚያጉረመርም ነገሩኝ። አራት ወር አብረውት ኖረዋል፤ እኔ የማውቀው ከአምስት ደቂቃ ወዲህ ነው። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። የበሩን ዳር ስዳብስ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አገኘሁ። በሩ ሲዘጋ የሚጫናት እሷን ነው። በጣቴ ጫን ሳደርጋት ከበረዶው ጀርባ የታፈነ እንጉርጉሮ ተሰማ። ሞተሩ አለ፤ ክንፉ ግን አይዞርም። አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

ሶኬቱን ነቅለን የፈላ ውሃ በድስት አድርገን ላይኛው ክፍል ውስጥ አስቀመጥንና በሩን ዘጋን። በረዶው እስኪለቅ አይብና ቆጮ አቀረቡልኝ፤ ጥፋቴን ሁሉ አስረሳኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላይኛው ክፍል ውስጥ ያለውን የኋላ ክዳን ብሎኖች ፈታሁ።

ከክዳኑ ጀርባ የወጣው የእንሰት ቅጠል ነበር። አንድ ሁለት ቁራጭ ቢሆን ባልገረመኝ። ቅጠሉ ተደራርቦ፣ ተጣጥፎ፣ የንፋሱን መውጫ ቀዳዳዎች በሙሉ ደፍኗል። የታሰረበት ቃጫ ደግሞ ተስቦ ገብቶ በማራገቢያው ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። ቀና ብዬ አየኋቸው። እትዬ ዘይባ መሬት መሬት እያዩ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቆጮ ስንቀብር ጉድጓዱን በቅጠል ደፍነን ነው። ንፋስ ካገኘው ይበላሻል። ይሄ ደግሞ ከጀርባው ምግቡ ላይ እፍ ይላል። ወላሂ፣ ሲሠሩት ተሳስተው መስሎኝ በቀዳዳው እየጠቀጠቅሁ ደፈንኩላቸው።»

ልስቅ ነበር፤ ግን ሐሳቡ ውስጡ ሲታይ ልክ ነው። ሃምሳ ዓመት ቆጮ ያላበላሸች ሴት ንፋስን እንዴት ታምናለች? ብርዱ የሚሠራው ከጀርባ እንደሆነ፣ ወደ ታች ተሸክሞ የሚያወርደው ደግሞ ያ የደፈኑት ንፋስ መሆኑን አስረዳኋቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም የገባኝ ያን ጊዜ እያስረዳሁ ነው።

ቃጫውን ላወጣ ብታገል ጣቶቼ ወፍራም ናቸው፤ በካቻቢቴ ስጎትት ክንፉ ሊሰበር ሆነ። እትዬ ዘይባ ገፋ አደረጉኝ። ከቆጮ ውስጥ ቃጫ ለቅሞ ማውጣት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ በአንድ ይመዙት ጀመር።

ሸረፋ የገባው በዚህ መሃል ነው። ይመጣል የተባለው ከነገ ወዲያ ነበር። ቤቱ በሙሉ ውሃ፣ ፍሪጁ ተፈትቶ፣ እናቱ ግማሽ አካላቸው በረዶ ቤት ውስጥ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ሻንጣዋን ልሰር የሚል ፊት ነበር። እኔም ሴትዮዋን ለማዳን ፋብሪካው ሲሠራው ያበላሸው ነው ብዬ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔው እያወጣሁት ነው» አሉ እትዬ ዘይባ ዞር ሳይሉ። «ቆመህ ከምታየኝ እነዚህን ብሎኖች ያዝ። አንዷ ብትጠፋ ጉድህ ነው።»

ሸረፋ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ እጁን ዘርግቶ ያዘ። የመጨረሻዋ ቃጫ ወጣች። ክዳኑን መልሼ አሰርኩና ሶኬቱን ሰክቼ ቁልፏን ስጫናት ማራገቢያው ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ቀዝቃዛ ንፋስ የሦስታችንንም ፊት መታው። እትዬ ዘይባ ብርዱ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወርድ ለልጃቸው በጣታቸው እያሳዩ አስረዱት። ሸረፋ መርካቶ ውስጥ ስንት ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ እንደ ተማሪ ቆሞ ሰማ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አልደበቅሁም።

አረፋ በደስታ አለፈ። ሸረፋ ሊሄድ በተነሳበት ጠዋት ልሰናበተው ሄድኩ። የመኪናውን በር ይዞ ቆሞ ሲያመነታ፣ ስለ አዲስ አበባ ሊያነሳ ነው ብዬ ፈራሁ። እትዬ ዘይባም ፈርተዋል፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል።

«እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ እኔን ላለማየት እየሞከረ። «የእኔም ቤት ፍሪጅ ታቹ አይበርድም። ሰው ጠርቼ ባሳየው አልሆነም። መጥተሽ ታዪልኛለሽ?»

እትዬ ዘይባ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አንድ ትንሽ ዘንቢል ብቻ ይዘው ወጡና ካቻቢቴዬን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ።

«ሦስት ቀን ይበቃኛል» አሉት። «አርብ ገበያ አለብኝ።»

ሸረፋ በሩን ከፈተላቸው። «ሐሙስ እመልስሻለሁ» አለ።