የሁለት ወንድማማቾች ፊልም

ወንድሜን በርናባስን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ያደረግሁት እኔ ገነነ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም።

ጫኖ ላይ የሙዝ ማሳችን ጎን ለጎን ነው። የመስኖው ቦይ በደለል ሲሞላ ከየቤቱ አንድ ወንድ ወጥቶ ይጠርጋል። በርናባስ ሁለት ተራ ቀረ። ወገቤን ነው ይላል፤ ግራ እግሬን እስከ ጣቴ ያቃጥለኛል ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ እኔን እያየ ማጉረምረም ጀመረ። ሰነፍ ሰበብ አያጣም እያሉ ሲያሽሟጥጡ ደሜ ይፈላ ነበር።

አርባ ምንጭ ወስጄ ኤምአርአይ አስነሳሁት። ዶክተር ኖላዊት ፊልሙን አይታ፣ "ትንሽ የዲስክ መንሸራተት አለ፤ ነርቩን ብዙም አልነካውም" አለች። እኔ ይዤ የተመለስኩት ይህችን ብቻ ነው። እሷ ግን ቀጥላ ነበር፦ "ፊልምና ሕመም ሁልጊዜ አይገጥሙም። ዲስኩም ሊባባስ ይችላል። መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለው በዚያው ቀን አምጡልኝ።"

ፊልምማ እኔም ነበረኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከባጃጅ ስወድቅ የተነሳሁት። ሁለት ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ይላል ወረቀቱ። ያኔ ሳምንት እንኳ አልተኛሁም፤ ዛሬም ሙዝ በትከሻዬ ተሸክሜ አይሱዙ ላይ እጭናለሁ። ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። የባሰብኝ እኔ ከሠራሁ፣ የተሻለው እሱ ምን ሆኖ ይተኛል?

ሁለቱን ፊልሞች ይዤ ሽማግሌዎች ነገር ወደሚያዩበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ ሄድኩ። ለፀሐይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ተራ በተራ እየተነሱ አዩ፤ ወረቀቱንም አስነበቡ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት፣ "ልጄ በርናባስ፣ የወንድምህ ወገብ ካንተ የባሰ ነው። ነገ ቦይ ውረድ" አሉት።

"እሺ አባቶቼ" አለ።

በእኛ ዘንድ የዱቡሻ ቃል አይታለፍም። ያለፈውን ጎሜ የሚባለው እርግማን ይይዘዋል፤ መዓቱም ለልጆቹ ይተርፋል። ጴንጤዎች ብንሆንም ይህን ፍርሃት ከውስጣችን አላወጣነውም።

ሦስት ቀን ጠረገ። በሁለተኛው ቀን አካፋውን ተደግፎ፣ "ጋሼ፣ ስቀመጥ መቀመጫዬ አይሰማኝም" አለኝ።

"ሥራ ስታይ ነው የሚደነዝዝህ!" አልኩት። አብረውን የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ስለ ሽንቱ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ሳቅ በኋላ ማን ይናገራል?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ቤተል እየጮኸች መጣች። ስደርስ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት፣ ሆዱ በሽንት ተወጥሮ አገኘሁት። ተሸክመን ወሰድነው። ዶክተር ኖላዊት አዲስ ፊልም አስነስታ፣ ዲስኩ ተፈንቅሎ ወጥቶ ነርቮቹን ሁሉ እንደጨፈለቃቸው ነገረችን።

"ሽንቱ ከቆመ ስንት ቀኑ ነው?" አለች።

"ሁለት ቀን" አለች ቤተል።

ዶክተሯ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀዶ ሕክምናው በዚያው ቀን ተደረገለት፤ ግራ እግሩ ግን አልተመለሰም። ሽንቱንም ዛሬ ድረስ በቱቦ ነው የሚሸናው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው።

በወሩ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ለእርቅ ወደ በርናባስ ቤት መጡ። እርጥብ ሳር ተይዞ የተለመነ ሰው እምቢ አይልም። እኔም አዲሱን ፊልም ሽማግሌዎቹ አይተው ይፍረዱብኝ ብዬ ይዤው ገባሁ። አልጋው ሥር ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። አሁን አምኜሃለሁ" አልኩት።

በርናባስ ሳሩን ተቀበለ። ለሽማግሌዎቹ "ይቅር ብያለሁ" አላቸው። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ፊልም ለረጅም ጊዜ አየው።

"ጋሼ፣ ያመንከው እሱን ነው" አለኝ። "እኔንማ ዛሬም አላመንከኝም።"