የአባባ ሆራ ሐዲድ

ጥፋቱ የሳፋው ነው። ቢጫ ነበር፣ በጣም ያምር ነበር።

መንደራችን ከሞጆ ወጣ ብላ፣ በአሮጌው ባቡር መስመር ዳር ናት። ቅርስ የምንለው አንድ ነገር ብቻ አለን፤ ግራሩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ቁራጭ ሐዲድ። ሐዲድ ጠጋኝ የነበሩት አባባ ሆራ ናቸው የሰቀሉት። ሰው ሲሞት ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ የቦኖው ውሃ ሲመጣ ደግሞ እጃቸው እስኪዝል።

አባባ ሆራ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዳማ ሄደው ወር ቆዩ። ሰዉም በስልክ መጠራራት ለመደ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም ማሰብ አላቋረጥኩምና፣ ይሄ ብረት ለማን ይጠቅማል ብዬ ቆራሌው ጋሽ ሰዓድ ሲያልፉ በሳፋ ለወጥኩት። እማዬን ዕጣ ደረሰኝ አልኳት።

እሁድ አባባ ሆራ ከባጃጅ ወርደው፣ ቤት ሳይገቡ ግራሩ ጋ ሄዱ። ባዶውን ሽቦ ዳበሱት። ልጃቸው ለጎረቤት ስትናገር ሰማሁ፤ ዓይናቸው አልዳነም፣ ግን መንገዱን ሙሉ ሐዲዱን ለመደወል ዓይን አያስፈልግም ሲሉ ነበር የመጡት።

እማዬ የዘፈዘፈችውን ልብስ አጥር ላይ ገልብጬ፣ ሳፋዬን ይዤ ሞጆ ወረድኩ።

ጋሽ ሰዓድ ቆርቆሮ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ብረቱን የሚወስደው መኪና በማግስቱ ሊጭን ነበር። ምንም ሳልዋሽ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳፋውን ገልብጠው አዩና ተሰንጥቋል አሉኝ። ሲሰጡኝም እንዲሁ ነበር አልኩ፤ ያቺን ብቻ ዋሸሁ። ሳቁ። ሐዲዱን ከክምሩ ሥር አውጥተው ባጃጅ ላይ ጫኑልኝ።

“ሳፋውንም ውሰጂው፤ እናትሽ እንዳትገድልሽ።”

ግራሩ ላይ ወጥቼ ሽቦውን እየተሳደብኩ ሳስር የከዘራ ድምፅ መጣ።

“ኢፍቱ ነሽ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“በምን ለወጥሽው?”

“በሳፋ።”

“ትልቅ ነው?”

“መካከለኛ።”

“ተሞኝተሻል። ሁለት ያወጣ ነበር።”

ሌላ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ከዛፉ መውረድ አቅቶኝ እዚያው አለቀስኩ።

ማክሰኞ ውሃ መጣ። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፣ እስኪዝሉ መቱት። ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ወጣ፤ እማዬም ስንጥቁን በላስቲክ የደፈነችውን ሳፋ ይዛ እየሮጠች ነበር።

ጋሽ ሰዓድን እግዜር ይስጣቸው። አባባ ሆራም እስከ ዛሬ ስሜን ለማንም አልተናገሩም። ይኸው እኔው ተናገርኩ።