የጨርቁ ጀርባ

«ጋሼ ኔማት፣ ይምጡ እንጂ! እርስዎ ያላዩትን ማን ሊያየው ነው?» አለ ጀላል፣ የሟቹ የወንድም ልጅ።

ፋኸሬ የሻይ ትሪዋን እንደያዘች ዞር አለች። ባሏ፣ ሸማኔው ኡስታ ያዶላህ፣ ከተቀበረ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፎቶው፣ ቁርዓኑና የቴምር ሳህኑ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የተነጠፈው ተርሜ ነው፤ የያዝድ ከተማ ሸማኔዎች የሚታወቁበት ባለ አበባ የሐር ጨርቅ። ለቀስተኛው «የመጨረሻው የእጅ ሥራ!» እያለ ሲያደንቅ፣ እሷ ገልብጦ የሚያየው እንዳይመጣ ስትጸልይ ሰነበተች። አሁን ግን መጣባት።

ተርሜ ለብቻ አይሠራም። አንዱ ከታች ማጉን ይወረውራል፤ ሌላው ከላይ ተቀምጦ ገመድ እየሳበ አበባውን ያወጣል። ለያዶላህ ለብዙ ዓመታት የሳበለት ኔማት ነበር። የሴራሚክ ፋብሪካ ሲቀጥረው ከላይኛው መቀመጫ ወርዶ ሄደ።

«ሂድ፣ ልጆች አሉህ። እኔ ሰው አላጣም» ብሎ ሸኘው ያዶላህ። ሰው ከየት ይምጣ! አንድ ቀን የማሽን ተርሜ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከገበያ ገባ።

«ኔማት ከጠየቀሽ እኔ የሸመንኩት ነው በይ» አላት። «በሱ መሄድ ሥራ መፍታቴን ከሰማ፣ ያ ሞኝ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ኔማት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«ሻይዎ ይቀዘቅዛል፣ መጀመሪያ ይጠጡ» አለች ፋኸሬ ትሪዋን ወደ እሱ ዘርግታ። አልሰማትም። ጫፉን ይዞ ገለበጠው። የእጅ ሥራ ጀርባው ክሩ የተዘበራረቀ ነው፤ ይሄኛው ግን ልሙጥ ነበር።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ማን ነበር የሚስብለት?» አላት በሹክሹክታ።

መዋሸት አቃታት። «ማንም አልነበረም።»

«እንዴት ነው ታዲያ ጋሼ?» አለ ጀላል ከኋላ፣ የአጎቱ ዝና የራሱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

ኔማት ጉሮሮውን ጠረገ። «የያዶላህ እጅ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «የሱን እጅ እስታለሁ እንዴ!»

ጫፉን መልቀቅ ግን አቃተው። ጣቶቹ ጨርቁን ጨምድደው፣ እንደ ድሮው ገመድ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይስቡት ጀመር። ፎቶው ተንሸራተተ።

ፋኸሬ ጫፉን ከእጁ ተቀብላ ዘረጋችው። ከዚያ የቴምሩን ሳህን አንስታ ዳግም እንዳይገለጥ ጫፉ ላይ አስቀመጠችበት።