ያላነበበችው ስምምነት

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የሰው ምስጢር ከእጇ አፈትልኮ አያውቅም። የክፍሉን ቁልፍ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ባልደረቦቿ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ሚስት የባሏን ካርድ ብትጠይቃት እንኳ ፊት አትሰጥም፤ ባልየው ራሱ መጥቶ፣ የፈቃዱ ወረቀት መስመር በመስመር ተነቦለት፣ መፈረም አለበት።

ባሏ በሞተ በሰባተኛው ወር ግን ይህን ሁሉ ረሳችው። ከእሱ የቀራት ድምፅ ከአውቶቡስ ውስጥ የላከላት አንድ መልእክት ብቻ ነበር። ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እየመጣሁ ነው፤ በሩን እንዳትቆልፊው» ይላል። የቀረውን የሞተሩ ጩኸት ውጦታል። ድምፅ የሚያጠራ ነፃ መተግበሪያ አገኘች። ረጅም ጽሑፍ ሲመጣባት ሳታነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች። ጩኸቱ ጠፋ። የተዋጠው ነገር «ዳቦ ይዣለሁ» ኖሯል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አዲሷ ነርስ ቪዲዮ ከምታይበት ስልክ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

«ዛሬም ደክሞሻል አይደል? በይ፣ ጎንሽን አሳርፊ።»

የፍራሽ ማስታወቂያ ነበር። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ባሌ ነው።»

«እንዴ! ፍራሽ ነው እንዴ የሚሸጡት?» አለች ነርሷ። የእትዬን ፊት ስታይ ሳቋ ደረቀ።

ነገሩን ከሰማች በኋላ የእትዬን ስልክ ተቀብላ ስትጎረጉር ቆየች። «ይኸው፣ ድምፁን በኮምፒውተር አስመስለው ለማስታወቂያ እንዲያውሉት ተስማምተዋል። እርስዎ! ሳያነቡ?»

«ሳላነብ።»

«ግድ የለም፣ እዚህ ጋ ሲነኩት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ማስታወቂያውም ይቀራል።»

እትዬ ጣቷን አስጠጋች። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ጉልበቷ ሲያብጥ ውሃ ያሞቅላታል፣ ጫማዋን ያወልቅላታል እንጂ «ደክሞሻል» ብሏት አያውቅም። ቃል አይወጣውም ነበር።

«ቤት ሄጄ አጠፋዋለሁ» አለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ የወንድሙን ካርድ ፈልጎ መጣ።

«የወንድምህ ፈቃድ የታለ?»

«ኧረ እትዬ፣ ወንድሜ እኮ ነው!»

«ቢሆንም መጠየቅ አለ—» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ባሏን ማንም አልጠየቀውም። እሷም።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ገባች። በሩን አልቆለፈችውም። ፈቃዱ የሚሰረዝበትን ቦታ ከፍታ አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቪዲዮ ከፍታ ስልኩን ትራሱ ላይ፣ በእሱ በኩል አድርጋ፣ ማስታወቂያው እስኪመጣ ጠበቀች።

ጉሮሮ ሲጠረግ ጎኗን አሳረፈች።