ጾመኛው እንሽላሊት

«ጥሬ ሥጋ ይኖርሻል?» አለ ፍቃዱ፣ በሩ ገና ገርበብ ከማለቱ።

ናጃት ከላይ እስከ ታች አየችው። በሁዳዴ እኩሌታ፣ ያውም ጥሬ! በዐረብ አገር፣ ሙረባዕ በተባለው ሰፈር በሚገኘው በዚህ አሮጌ ፎቅ ደጃፍ ለደጃፍ ሲኖሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ፍቃዱ በጾም ወተት እንኳ ሲቀምስ አይታው አታውቅም።

«ወንድሜ፣ ፅጌ ታውቃለች?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከሥራ ሳትመለስ ነው የምፈልገው።»

«አዑዙ ቢላህ! እኛ ረመዳን ብለን ምራቅ ደርቆብን እንውላለን፣ አንተ ሚስትህን ተደብቀህ...»

«ለእኔ አይደለም እኮ! ለእንግዳ ነው።»

«ምን ዓይነት እንግዳ ነው ጥሬ የሚበላው?»

ፍቃዱ ከኋላው የነበረውን ካርቶን በእግሩ ገፋ አደረገላት። ክንድ የሚያህል አሸዋ ቀለም ያለው እንሽላሊት አንገቱን አቅንቶ አፈጠጠባት። ጅራቱ እስከ ጫፉ በጨርቅና በፕላስተር ተጠቅልሏል። ናጃት በሩን መለስ አድርጋ በስንጥቁ ብቻ አየችው።

«ይናከሳል?»

«ዐረቦቹ ደብ የሚሉት ነው። ቅጠል በል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ!»

«ጾመኛ ከሆነ ታዲያ ሥጋው ምን ሊያደርግለት?»

ፍቃዱ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፤ መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳያነብ አንዲት ብሎን አያጠብቅም። ትናንት ግን ዐዚዚያ ካለው የእንስሳት ገበያ ጅራቱ የታሸገ እንስሳ ገዝቶ ገባ። ሻጩ «እሾሁ እንዳይወጋህ ነው፤ እስኪለምድህ አትፍታው» አለው፤ እሱም አመነ። ልጃቸው ልድያ ለትምህርት አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎበታል። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ነርሷ ፅጌ ሆስፒታል ናት፤ እሱ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማውራት ጀምሯል። ፅጌም ይህን ስለምታውቅ እምቢ አላለችም። «ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ግን ከበረንዳ አያልፍም» ነው ያለችው፤ «ሥጋ በል ከሆነ ደግሞ ይሄዳል፤ ኸላስ።»

ፍቃዱ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ሲያነብ አደረ። ደብ ቅጠል ይበላል፤ ጅራቱ ወፍራምና እሾሃም ነው። ዐረቦቹ ወረል የሚሉት፣ በአገራችን የአርጃኖ ዘመድ የሆነው ግን ሥጋ በል ነው፤ ይናከሳል፣ ምላሱም እንደ እባብ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። እንግዳው ከትናንት ጀምሮ ሰላጣውን ዞር ብሎ አላየውም።

«አዲስ ቤት ሆኖበት ነው» አለ ፍቃዱ። «ሥጋው ሳይነካ ፅጌ ስታገኘው ቅጠል በልነቱን ታምናለች፤ ነገሩ ያልቃል።»

«ጨርቁን ብትፈታውስ?»

«ሻጩ አትፍታ ብሎኛል።»

«እሱማ እንዲያ ይላል እንጂ!»

ናጃት ለማፍጠሪያ ሾርባ ካዘጋጀችው ሥጋ አንድ ቁራጭ በረጅም ማንኪያ ይዛ መጣች፤ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ካርቶኑ ውስጥ ጣለችው። እንሽላሊቱ ምላሱን አወጣ። ምላሱ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ከዚያ ሥጋው የለም።

ናጃት ማንኪያዋን መልሳ ሰበሰበች።

«በዚህ ፎቅ የገደፈው እሱ ብቻ ነው» አለች ናጃት።

ፍቃዱ የሥራ ጓንቱን አጥልቆ፣ መቀስ አምጥቶ፣ የእንሽላሊቱን አንገት በአንድ እጁ ይዞ ፕላስተሩን ቀደደው። ረጅም፣ ልሙጥ፣ አለንጋ የመሰለ ጅራት ተፈታና ክንዱን ጠበጠበው።

«ወረል ነው» አለ በልበ ሙሉነት፣ ከመጀመሪያውም የጠረጠረ ይመስል። «መለየት ማለት ይኸው ነው።»

ይህን ጊዜ ፅጌ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ደረጃውን ጨርሳ ብቅ አለች።

«ታወቀ?»

ሥጋው ተበልቷል፤ ምስክሩ ናጃት ብቻ ናት፤ እሷም ኮርኒሱን መመርመር ይዛለች። ፍቃዱ ካርቶኑን አየ። ነገ ጠዋት ጭር የሚለው ሳሎን ትዝ አለው።

«ታወቀ» አለ። «ሥጋ በል ነው። ይሄዳል።»

ፅጌ ያልጠበቀችው መልስ ነበር። «ለሻጩ ትመልሰዋለህ?»

«ለሌላ ሞኝ እንዲሸጠው? አላደርገውም። ቤቱ በረሃው ነው። ማፍጠሪያው ደርሶ መንገዱ ሳይጨናነቅ ለቅቄው ልምጣ።» የካርቶኑን አፍ አሽጎ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «አንቺ ግቢና አረፍ በይ፤ ደክሞሻል።»

ፅጌ ቦርሳዋን ለናጃት አቀበለቻትና ቀድማው ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ብቻህን? ጅራቱን ጠቅልለው ግመሉን በበግ ስም ይሸጡልሃል።»